ጓሮ ቡናችሁ ሲታመም፦ ከመርጨታችሁ በፊት ቆፍሩ

ጅማ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው አምስት ስድስት እግር ቡና አያጣም። ቡናው ቢጫ ሲልበት ደግሞ ብዙው ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ ገበያ ወርዶ መድኃኒት ይገዛል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከረጨሁት ውስጥ የትኛው ጠቀመህ ብትሉኝ ግን መልስ የለኝም።

አሁን ሦስት ነገር ሳላደርግ ብር አላወጣም። ቅጠሉን ገልብጬ አያለሁ። የግንዱን ልጥ በቢላ ጫር አደርጋለሁ። ሥሩ አጠገብ አፈሩን ቆፈር አደርጋለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ

የትኛው ቅጠል? መጀመሪያ ይህን መልሱ።

ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ ሆነው ቢጫ ካሉ፣ ቡናው ርቦታል። በተለይ ናይትሮጅን አጥሮታል። በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ብስባሽ ስጡት። ግንዱ ላይ አትቆልሉት፤ ቅርንጫፉ በሚያልቅበት ልክ ዙሪያውን አልብሱት። የሚመገቡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት እዚያ ነው።

ጫፍ ላይ ያሉት አዲስ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ከቀሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብረት አጥሮታል ማለት ነው። ይህ ለጅማ ሰው ይገርማል፤ ቀይ አፈራችን ቀይ የሆነው በብረት ነውና። እኛ ቤት ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ያለችው ቡና እንደዚህ ሆና ነበር። ጫፏ ሎሚ መስሎ ዓመት ቆየ። በኋላ ስቆፍር አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ግራጫ ነው። ለካ የምድጃ አመድ በየጠዋቱ የሚደፋው እሷ ሥር ነው! አመድ ሲበዛ የአፈሩን አሲድነት ከልክ በላይ ያወርደዋል። ያኔ ብረቱ እዚያው እያለ ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል። ግራጫውን አፈር አንስቼ በብስባሽ ተካሁት፤ አመዱም ቦታ ተቀየረለት። አመድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሰፊ ቦታ ላይ ሳሳ ተደርጎ ሲበተን ለአሲዳማ አፈር ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ሲከመር ነው ጣጣው።

ሁሉም ቅጠል ደብዝዞ፣ ስትቆፍሩ አፈሩ ከሸተተ ደግሞ ውኃ ተኝቶበታል። አዌቱ ወንዝ ዳር ዳር ያሉ ግቢዎች ክረምት ላይ ይህን ያውቁታል። መድኃኒቱ ቦይ ነው።

ተክላችሁት ሦስት ዓመት፣ ቁመቱ ያው

ይህ የእኔ ጥፋት ነው። አንድ ክረምት ከመንገድ ዳር ረዘም ረዘም ያሉ ችግኞች መርጬ ገዛሁ። ትልቅ ስለሆኑ ቶሎ ያፈራሉ ብዬ! ፍግ ሰጠኋቸው፣ ጉዝጓዝ አለበስኳቸው፣ ንቅንቅ አላሉም። አንዷን ስነቅላት ዋና ሥሯ እንደ መንጠቆ ታጥፏል። በፕላስቲኩ ውስጥ ከልክ በላይ ስለቆየች ሥሯ ታች ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ዞሮ ተመልሷል።

የታጠፈ ዋና ሥር አይቃናም። ነቅሎ ሌላ መትከል ነው። ችግኝ ስትገዙ ቁመቱ አይሸውዳችሁ። ከከረጢቱ ሥር የወጣ ወፍራም ሥር ካያችሁ ተዉት። ጉድጓዱንም በ60 በ60፣ ጥልቀቱንም 60 ሳንቲ ሜትር አድርጉና ክረምቱ ሳይገባ አስቀድማችሁ ቆፍሩት። ስትተክሉ ሥሩ ቀጥ ብሎ ይውረድ።

በአንድ ጎን ጠወለገ

ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፣ ግን አንዱ ጎን ውኃ እንደተጠማ ይጠወልጋል። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይረግፋል። ቀጥሎ ሌላው ጎን። ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ልጡን ጫሩት። ከሥሩ ያለው እንጨት ነጣ ማለት ሲገባው ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቀመስ መስመር ካለው፣ ቡናን የሚያደርቀው ፈንገስ ነው።

መድኃኒት የለውም። አሻሻጩ አለው ቢላችሁም የለውም። ዛፉን ከነሥሩ ነቅላችሁ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ አቃጥሉት። በግቢው ውስጥ መጎተት በሽታውን መዝራት ነው። ጎረቤታችን ያሉ ሽማግሌ ስጎትት አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ሬሳውን በየቤቱ ታዞረዋለህ እንዴ?» አሉኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው፤ ቁስሉን የምንፈጥረው ደግሞ እኛው ነን፣ ስንኮተኩት። ግንዱ አጠገብ ያለውን አረም በእጅ ንቀሉት፣ ወይም ጉዝጓዝ አልብሱና አረሙ አይውጣ። ገጀራውንና መጋዙን ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄዱ በእሳት ለብለብ አድርጉት ወይም በረኪና ባለው ውኃ እጠቡት።

ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት

ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ፣ ስትገለብጡት እርድ የመሰለ ዱቄት። በጣታችሁ ስትነኩት ይቀባችኋል። የቅጠል ዋግ ነው። አይገድልም፣ ግን ቅጠሉን አርግፎ የከርሞውን ምርት ይወስዳል። የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ግረዙ፣ ነፋስ ይግባበት፣ ዛፉን መግቡ። ከባሰ መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ይሠራል፤ ግን ቅጠሉ ሥር ካልደረሰ ከንቱ ነው።

አረንጓዴው ፍሬ ጠቆረ

ጥቁር፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቁስል ከሆነ የቡና ፍሬ በሽታ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1971 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ብርድና ዝናብ ይወዳል። ፍሬው ይረግፋል፣ ወይም ደርቆ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የተንጠለጠለው ለከርሞ መነሻ ስለሚሆን ለቅማችሁ አቃጥሉት። መርጨት ካለባችሁ አበባው ረግፎ ፍሬው ማበጥ ሲጀምር ነው፤ ከጠቆረ በኋላ ብር ማባከን ነው።

ዋናው መፍትሄ ዘሩ ነው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ይህን በሽታ ይቋቋማሉ። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974 በፈረንጆቹ። ዛፋቸው ሰብሰብ ያለ ስለሆነ ለጠባብ ግቢም ይመቻሉ። ፍሬውን አተረፉ ማለት ግን ዋጉንና ማድረቁን ቻሉ ማለት አይደለም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬ የለውም

ቀና በሉ። አቮካዶ አለ? ቡና ጥላ ይወዳል ቢባልም የአቮካዶ ጥላ ጣሪያ ነው። ሰሳና ብርብራ የሚባሉት የጥላ ዛፎች ግን ብርሃኑን ወንፊት ላይ እንዳለፈ አድርገው ያወርዱታል። አቮካዶውን መቁረጥ ካሳዘናችሁ (እኔን አሳዝኖኛል) የታችኛውን ቅርንጫፍ አውርዱለት። ጨርሶ ጥላ የሌለው ደግሞ አንድ ዓመት ከአቅሙ በላይ አፍርቶ በዓመቱ ቅርንጫፉ ከጫፍ ይደርቃል።

የቀሩት ትንንሾች

ቅጠሉ ላይ ጥላሸት ካለና ጉንዳን ከተመላለሰ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያወጡ ትንንሽ ተባዮች አሉ። በሳሙና ውኃ እጠቡት። ፍሬው እምብርት ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ ካለ ውስጡ ጥንዚዛ አለ። እሱ የሚከርመው ዛፉ ላይ በቀረውና መሬት በወደቀው ፍሬ ስለሆነ፣ ለቀማው ሲያልቅ አንዲትም ፍሬ አትተዉ። እኛ ቤት ይህ ሥራ ለልጆች ተሰጥቷል፤ በጣሳ ነው የሚከፈላቸው።