ውጭ አገር ጽፈን መልስ ስንፈልግ፦ የመመለሻውን ቴምብር እንዴት እንክፈል?

ውጭ አገር ላለ ሰው ጽፈን እንዲመልስልን ስንጠይቅ ጊዜውን እየወሰድንበት ነው። በዚያ ላይ ቴምብር ከኪሱ ይግዛ ማለት ይከብዳል። የመልሱን ወጪ ጠያቂው ይቻል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቴምብሩ መልሱ የሚነሳበት አገር ቴምብር መሆን አለበት። እኔ መጀመሪያ አሜሪካ ለሚኖር ቴምብር ሰብሳቢ ስጽፍ፣ በመመለሻው ፖስታ ላይ ዋልያ ያለበት የኛን ቴምብር ለጥፌ ነበር። ሰውየው የራሱን ቴምብር አጠገቡ ለጥፎ መለሰልኝ። ዋልያዋ ላይ ማህተም እንኳ አላረፈባትም። ያንን ፖስታ ሳየው አሁንም ይከነክነኛል።

እንግዲህ መጀመሪያ የመመለሻውን ፖስታ አዘጋጁ። አድራሻችሁን ራሳችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉበት፤ ስም፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ ከተማ፣ በመጨረሻው መስመር የአገር ስም በትልልቅ ፊደል። እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በሳጥን ስለሆነ ቁጥሩ እንዳይረሳ። የራሳችሁ ሳጥን ከሌላችሁ የመሥሪያ ቤታችሁን ወይም የዘመድ ሳጥን አስፈቅዳችሁ ተጠቀሙ።

ቀጥሎ ቴምብሩ ነው። አሜሪካ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «ግሎባል ፎርኤቨር» የሚባል ቴምብር አለ፤ ብዙውን ጊዜ ክብ ነው። አንዱ እስከ 28 ግራም የሚመዝን ደብዳቤ ወደ የትኛውም አገር ይወስዳል። በኋላ ዋጋ ቢጨምርም ቀድሞ የተገዛው ይሠራል። ከዚያ የሚመጣ ዘመድ ካለ «ሁለት ሦስት ያዝልኝ» በሉት። ይህ ግን ለወረቀት ብቻ ነው፤ ዕቃ ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ቴምብር የሚያመጣ ሰው ከጠፋ የመልስ ኩፖን የሚባል ነገር አለ። የዓለም ፖስታ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1906 ሮም ላይ የወሰነው ነው። ተቀባዩ ፖስታ ቤት ወስዶ፣ ወደ ውጭ ለሚላክ ተራ ደብዳቤ በሚበቃ ቴምብር ይለውጠዋል። ፖስታው ላይ አይለጠፍም። የማብቂያ ቀን ታትሞበታል፤ ሳታዩት እንዳትገዙ። አሜሪካን ጨምሮ ብዙ አገሮች መሸጥ ስላቆሙ ተስፋችሁን ሁሉ እሱ ላይ አትጣሉ።

ዶላር ፖስታ ውስጥ መክተትስ? የሬዲዮ አማተሮች፣ ማለትም በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ ከሩቅ ሰዎች ጋር የሚገናኙት፣ ያደርጉታል። እኔ አልመክርም። የየትኛውንም አገር የገንዘብ ኖት በተራ ደብዳቤ መላክ በዓለም አቀፍ የፖስታ ደንብ ክልክል ነው፤ መንገድ ላይ ቢጠፋም የምትጠይቁት የለም።

የመመለሻውን ፖስታ ሳታሽጉ ለሁለት አጥፋችሁ ከደብዳቤው ጋር ክተቱት። ፖስታ ቤት ስታስመዝኑም ውስጡ መሆኑን አረጋግጡ። ክብደቱ ሲጨምር የመላኪያውም ዋጋ ይጨምራል።