ቡቺን በጊዜ መመለስ፦ ፔት ይዞ በቡድን መጫወት

በኦንላይን ጌም ዳንጀን፣ ማለትም ቡድን አብሮ ገብቶ የሚዋጋበት ቦታ ውስጥ፣ ቡድን ተያይዞ ሲያልቅ መነሻው ብዙ ጊዜ ፔት፣ ተጫዋቹን ተከትሎ የሚዋጋው አውሬ ነው። ሀንተሩ (የፔቱ ባለቤት የሆነው አዳኝ) ቆሞ ሳለ አውሬው ጥግ ላይ ወዳለ ጠላት ይሮጣል፤ የተነካው ጠላት አጠገቡ ያሉትን ይዞ ይመጣል፤ ሂለሩ (የቡድኑ አካሚ) ገና ማና፣ ማለትም የአስማት ኃይሉን፣ እየሞላ ነው። ስለዚህ ፔት የያዘ ሰው መጀመሪያ መልመድ ያለበት «ምታ» የሚለውን ሳይሆን «ተመለስ» የሚለውን ትእዛዝ ነው።

እዚህ የተጻፈው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ይዞ ነው። በፈረንጆቹ 2004 የወጣው ይህ ጌም አዲሱም ሆነ በ2019 እንደገና የተከፈተው የድሮው ቅጂ፣ ክላሲክ፣ ዛሬም ይጫወታል። በሌሎች ኦንላይን ጌሞች የቁልፎቹ ስም ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ይሠራል።

ፔቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው?

ከፔቱ ትእዛዞች አጠገብ ሁኔታውን የሚወስኑ ምልክቶች አሉ። ፓሲቭ ላይ ያለ ፔት ቢመቱትም፣ እናንተን ቢመቷችሁም ካላዘዛችሁት አይነሳም፤ ስታዙት ግን ይመታል፣ ጠላቱ ሲሞት ይመለሳል። ዲፌንሲቭ እናንተን ወይም እሱን የነካውን ይመታል። በአዲሱ ጌም ያለው አሲስት እናንተ የምትመቱትን ይከተላል። ክላሲክ ላይ ያለው አግሬሲቭ ደግሞ አጠገቡ የደረሰውን ጠላት ሁሉ ይመታል፤ ዳንጀን ውስጥ በጭራሽ አትንኩት።

ለብቻ ስትጫወቱ ዲፌንሲቭ ይበቃል። ከቡድን ጋር ስትገቡ ወደ ፓሲቭ ቀይሩ። «ፓሲቭ ፔቱን ያሰንፈዋል» የሚሉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። እጃችሁ ላይ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጥላል እንጂ የፔቱን ጉልበት አይቀንስም።

ሁለት ማክሮዎች

ማክሮ ጥቂት ትእዛዞችን በአንድ ቁልፍ የሚያስኬድ አጭር ጽሑፍ ነው። ቻቱን ከፍታችሁ «ስላሽ ማክሮ» (/macro) በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። አዲስ የሚለውን ነክታችሁ ስምና ምስል ስጡት፣ መስመሮቹን ጻፉ፣ ከዚያ ምስሉን ጎትታችሁ ችሎታዎቹ የተደረደሩበት ባር ላይ አስቀምጡ። አንድ ማክሮ ከ255 ፊደል በላይ አይይዝም፤ የሚያስፈልገን ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

የመጀመሪያው የመመለሻ ማክሮ ነው። በአንደኛው መስመር «ስላሽ ፔትፓሲቭ» (/petpassive)፣ በሁለተኛው «ስላሽ ፔትፎሎው» (/petfollow) ይጻፍ። ፎሎው ብቻውን አይበቃም፦ ዲፌንሲቭ ላይ ያለ ፔት መመለስ ጀምሮ ከኋላ ሲመቱት ዞሮ ሊገጥም ይችላል። ፓሲቭ ሲቀድምለት ግን እየተመታም ቢሆን ይመጣል። ይህን ማክሮ ግራ እጃችሁ ሳያይ የሚያገኘው ቁልፍ ላይ አድርጉት።

ሁለተኛው ታንኩ (የጠላትን ምት በራሱ ላይ የሚቀበለው የቡድኑ አባል) የያዘውን መምቻ ነው። በአንደኛው መስመር «ስላሽ አሲስት» (/assist) ብላችሁ ክፍት ቦታ ትታችሁ የታንኩን ስም፣ በሁለተኛው «ስላሽ ፔትአታክ» (/petattack) ጻፉ። ስትጫኑት ታንኩ የሚያየውን ጠላት ትይዛላችሁ፤ ፔቱም ወደዚያው ይሄዳል። ታንኩ ገና ሌላ ጠላት እያየ ሳለ ከተጫናችሁት ግን ፔቱ ወደዚያ ይሮጣል፤ ስለዚህ ታንኩ የመጀመሪያውን ምት እስኪያሳርፍ ታገሡ። ታንኩ በተቀየረ ቁጥር ስሙን መቀየር አትርሱ፤ ማክሮው «እምቢ አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የትናንቱ ታንክ ስም ስለቀረበት ነው።

ግራውልን ማጥፋት

ግራውል ጠላትን ወደ ፔቱ የሚስብ ችሎታ ነው፤ ለብቻ ስትጫወቱ ሕይወታችሁን ያተርፋል። በቡድን ግን ከታንኩ ጋር ይሻማል፤ ጠላቱ ይዞራል፣ ጀርባውን ሲመቱ የነበሩት ሰዎች ፊቱ ላይ ይገኛሉ። ምልክቱ ላይ በቀኝ ጠቅ ስታደርጉ ዙሪያው ላይ የሚዞረው ብርሃን ይጠፋል፤ በራሱ መጠቀሙን አቆመ ማለት ነው። ዳንጀኑ በር ላይ፣ ሁሉም ዝግጁ መሆኑን የሚጠይቀው «ስላሽ ሬዲቼክ» (/readycheck) ሲላክ፣ ዝግጁ ነኝ ከማለታችሁ በፊት ይህን እዩ።

ምልክቶችና ቃላት

አምስት ሰው ያለበት ቡድን 1 ታንክ፣ 1 ሂለርና 3 መቺዎች አሉት። መሪው ጠላቶቹ ራስ ላይ ምልክት ያደርጋል። በተለመደው ስምምነት የራስ ቅሉ መጀመሪያ፣ ኤክሱ ቀጥሎ ይሞታል፤ ክላሲክ ላይ ጨረቃ ሜጁ (አስማተኛው) ወደ በግ የሚቀይረው፣ ሰማያዊው ካሬ ደግሞ ሀንተሩ በበረዶ ወጥመድ የሚይዘው ነው። ወጥመድ ውስጥ ያለን ጠላት አንድ ንክሻ ያስፈታዋል። ፔቱን ከካሬው አርቁ፤ ብዙ ጠላት በአንድ ጊዜ የሚመታ ቀስትም በዚያ አካባቢ አትወርውሩ።

በድምፅ ስትነጋገሩ፣ በቴሌግራምም ይሁን በዲስኮርድ፣ ከመግባታችሁ በፊት ቃላቱን ተስማሙ። ጥሩ ቃል አጭርና ከሌላው የማይመሳሰል ነው። «ጠብቅ» እና «ተጠንቀቅ» በተቆራረጠ ድምፅ ይምታታሉ፤ «ቁም»፣ «ልቀቅ»፣ «መልስ» ግን አይሳሳቱም። «መልስ» ሲባል ሀንተሩ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ የመመለሻ ማክሮውን ይጫናል። በበሬ የሚያርስ ገበሬ ቃላቱን ጥቂት የሚያደርገው ለዚሁ ነው። የፔቱንም ስም አጭር አድርጉት፤ ቡቺ የተባለን ሁሉም አፍ ይጠራዋል።

ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ሲጫወቱ

አውሮፓ ያለውን ሰርቨር ስትመርጡ ትእዛዙ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በሜኑ ምልክቶቹ ላይ ማውሱን ስታቆሙ መዘግየቱ በሚሊ ሰከንድ ይታያል። ለዘገየ ኢንተርኔት ፔት ያለው ገጸ ባሕርይ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ትእዛዙ አንዴ ከደረሰ በኋላ ፔቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቨሩ ነው፤ የእናንተ መስመር ቢንቀራፈፍም መንከሱን አያቆምም። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፦ «ተመለስ» የሚለውም ይዘገያል። መዘግየቱ ከ200 ካለፈ ጠላቱ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው መልሱት፤ እስኪሞት አትጠብቁ።

በክረምት ከጣና በኩል ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ሊሄድ ይችላል፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም ጌሙ ይቋረጣል። የስልካችሁን ሆትስፖት ከላፕቶፑ ጋር አስቀድማችሁ አገናኙና የይለፍ ቃሉ እንዲቀመጥ አድርጉ። ጨዋታው ራሱ ብዙ ዳታ አይበላም፤ ጌሙን ማውረድና ማዘመን ግን ብዙ ጊጋ ባይት ስለሚጠይቅ በሞባይል ዳታ አትጀምሩት። ደመናው ከጠቆረ በእረፍት ሰዓት ሁሉ ፔቱን ፓሲቭ ላይ ተዉት፤ እናንተ ተቋርጣችሁ እሱ ጠላት ይዞ ቢመጣ የሚያልቀው የቀረው ቡድን ነው።

ዝላይና ምግብ

ከገደል ላይ ስትዘሉ ፔቱ አብሮ ላይዘል ይችላል። መንገድ ፈልጎ ይዞራል፤ በዚያ መንገድ ያሉትንም ጠላቶች ሁሉ እያስከተለ ይመጣል። ከመዝለላችሁ በፊት በዲስሚስ ፔት አሰናብቱት፣ ታች ስትደርሱ ጥሩት። የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው።

ክላሲክ ላይ ደግሞ ፔት ይርበዋል። ደስተኛ ሲሆን የሚያደርሰው ጉዳት 125 በመቶ፣ መካከለኛ ሲሆን 100፣ ሲከፋው 75 በመቶ ነው። ተኩላ ሥጋ ብቻ ይበላል፤ የድመት ዘር ሥጋም ዓሣም ይበላል፤ ከርከሮ አይመርጥም። ዓሣ ከሱቅ መግዛት አያስፈልግም፤ መቃጥኑን ወርውራችሁ ተንሳፋፊው ሲርገበገብ መንካት ነው። ቆሮሶ ሲጠመድ እያየ ያደገ ሰው ትዕግሥቱ አለውና ድመት ይያዝ። የምታበሉት ከውጊያ ውጭ ነው፤ ውጊያ ከተጀመረ መብላቱ ይቋረጣል፣ ምግቡም ይባክናል።

ፔቱን ማከም የእናንተ ሥራ ነው፤ ሂለሩ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰው ነው። ሜንድ ፔት የተባለውን የማከሚያ ችሎታ ሕይወቱ ከግማሽ ሳይወርድ ጀምሩ። ዳንጀኑ አልቆ ስትበተኑ ግራውልን መልሳችሁ አብሩ፣ ሁኔታውንም ወደ ዲፌንሲቭ መልሱ፤ አለበለዚያ ሜዳ ላይ ብቻችሁን ሳላችሁ ጠላት ሲመታችሁ ፔቱ አጠገባችሁ ቆሞ ያያል።