ቀይ እስክሪብቶና የሳምንቱ ገጽ፦ ተማሪዎችን በእንግሊዝኛ ስናስጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼን በየሳምንቱ አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ማስጻፍ ጀመርኩ። ገሚሱ በደብተር ይጽፋል፣ ገሚሱ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ።

ምክንያቴ ቀላል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አድርጓል። ልጆቹ እኔ ጋ ሲደርሱ ስምንት ዓመት ተምረውታል ማለት ነው። ግን «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» ሲባሉ ብዙዎቹ ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። አገር አቀፉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም መልስ የሚመረጥበት ስለሆነ አንድ አንቀጽ ሳይጽፉ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል።

የመጀመሪያው ዓመት አልተሳካልኝም። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነበር።

ሁሉንም ማረም

ክፍሌ ውስጥ 54 ተማሪ ነበር። ለአንድ ደብተር 5 ደቂቃ ብቻ ብሰጥ አራት ሰዓት ተኩል ነው። በየሳምንቱ! ኅዳር ሳይገባ ደከመኝ።

ድካሙ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። አንድ ልጅ እህቱ ቤይሩት ለሥራ የሄደችበትን ቀን ጻፈ። እናቱ አላለቀሰችም፤ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። «ማይ ሲስተር ጎ ቱ ቤይሩት» ይላል ዓረፍተ ነገሩ። እኔ «ጎ»ን በቀይ ከብቤ «ዌንት» ጻፍኩበት። ሌላ አንድም ቃል አልጻፍኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ አራት መስመር ይዞ መጣ። ርዕሱ «የትምህርት ጥቅም» ነበር። አንድም ስህተት የለበትም፤ አንድም ነገር የለበትም።

ጆን ትረስኮት የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጽሑፍ በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት ላይ የሰዋስው እርማት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብሎ ተከራክሯል። ሌሎች አጥብቀው ተቃውመውታል። እኔ እሱ ያለበት ድረስ አልሄድም። አሁን ግን በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ነው የማርመው። ይህ ሳምንት የኃላፊ ጊዜ ከሆነ፣ የኃላፊ ጊዜ ብቻ። ከታች ደግሞ ስለጻፈው ነገር አንድ እውነተኛ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «እህትህ ደወለች?»

ስህተቱን ስንፍና ነው ብሎ መደምደም

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደስ ስለሚለኝም ነው።

«አይ ሶው ኤ ድሪም» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንቴ አንብቤያለሁ! ልጁ ሰነፍ አይደለም። እኛ ሕልም እናያለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሕልም «ይኖረዋል» እንጂ አያይም። «ዘ ላይት ሎስት» ሲልም መብራት ጠፋ ማለቱ ነው። ለእኛ ቁልፉም ልጁም መብራቱም የሚጠፋበት ግስ አንድ ነው።

ሰዓቱማ አይወራም። «አይ ጎ ቱ ስኩል አት ቱ ኦክሎክ።» ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ እኛ እንረዳዋለን። የውጭ አገር አንባቢ ግን ልጁ ከምሳ በኋላ ትምህርት ቤት የሚገባ ይመስለዋል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ይህን በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም፤ የልጆቹ ገጽ ላይ ነው ያገኘሁት።

«ይሄዳል» ለዛሬም ለነገም ስለሚሆን ልጆቹ «ዊል» የምትለውን ቃል ይረሷታል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ከተማውም ሰውየውም በትንሹ ይጻፋል። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳያቸው ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። የሳቁበትን ስህተት ቶሎ አይደግሙትም።

ከሁሉ የምወደው አንዲት ተማሪ የጻፈችው «ዊ ሪችድ ክራይ» ነው። ለቅሶ ደረስን! ይህን እንዴት ታርሙታላችሁ? እኔ አላረምኩትም። «ለቅሶ» የሚለውን ቃል እንዳለ ትተሽ ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ ዝም ብሎ መቀመጡን ለማያውቅ ሰው አስረጂ አልኳት። አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች።

አንባቢ ሳያዘጋጁ ማስጻፍ

«ለማያውቅ ሰው» ያልኩት በምክንያት ነው። መምህር ብቻ የሚያነበው ጽሑፍ ፈተና ነው። ሴለስተን ፍሬኔ የሚባል የፈረንሳይ የገጠር መምህር እ.ኤ.አ. በ1924 ትንሽ ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ አስገባ። ልጆቹ የጻፉትን ራሳቸው አተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ ያሉት የእሱ ተማሪዎች በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ ብሪታኒ፣ ካሉ ልጆች ጋር ጽሑፍ ይለዋወጡ ጀመር። ቋንቋው የራሳቸው ነበር፤ ግን ነገሩ ያው ነው። ሩቅ ያለ ሰው ስለማያውቅህ ማስረዳት ግድ ይሆናል።

እኔ ማተሚያ የለኝም። ሐዋሳ የምታስተምር ጓደኛ ግን አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱ የልጆቹን ገጾች በስልክ ፎቶ አንስተን እንላላካለን። የሐዋሳዎቹ ስለ ቀላል ባቡሩ ይጠይቃሉ፣ የእኔዎቹ ስለ ሐይቁ። «ዓሣ ጥሬውን ነው የምትበሉት?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ሳምንት አከራከረ። በእንግሊዝኛ!

ሌላ ከተማ የሚያውቁት ሰው ከሌለ ዘጠነኛ «ለ»ን ከዘጠነኛ «መ» ጋር አጣምሩ። ሚኒ ሚዲያውም አለ፤ በሳምንት አንድ ገጽ ሰልፍ ላይ ይነበብ።

ርዕስ እየሰጡ ማድረቅ፣ በማርክ ማስፈራራት

ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚጽፍ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከሰማው ላይ ይገለብጣል። ስለ ታክሲ ረዳት ይጻፍ። ማርክ ካስፈለገ ደግሞ ስንት ሳምንት እንደጻፈ ቆጥራችሁ ስጡት። ለትክክለኛነት ከ10 ስትይዙለት የሚያውቃቸውን አሥር ቃላት ብቻ ይጠቀማል። ብልጥ ነው፤ አይፈረድበትም።

ሁሉንም አደባባይ ማውጣት

የቴሌግራም ግሩፑን በሊንክ ክፍት አድርጌው ነበር። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው ገብቶ ከሴት ተማሪዎቼ አንዷ ጽሑፍ ሥር አስተያየት ሰጠ። መጥፎ ነገር አልተናገረም፤ ግን ደነገጥኩ። የዚያኑ ዕለት ዘጋሁት። አሁን ግሩፑ ውስጥ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ የሰፈር ስም አይጻፍም። ወላጆችም ያውቃሉ።

ሌላ ደንብም አለን። ገጹ ከታጠፈ ለእኔ ብቻ ነው። ልጆች የቤት ጠብ ይጽፋሉ፣ ርሃብ ይጽፋሉ። እንዲህ ዓይነቱን ገጽ አላርምም፤ ልጁን ለብቻ አነጋግረዋለሁ። ከአቅሜ በላይ ከሆነ ወደሚረዳው ሰው እወስደዋለሁ፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ነግሬያቸዋለሁ። ስማርት ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ እንዳያፍር ደብተሩ እንደ ስልኩ እኩል ይቆጠራል።

ከማሽኑ ጋር ድብብቆሽ መጫወት

ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ «ፈርዘርሞር» ብሎ ዓረፍተ ነገር የሚጀምር ልጅ የለም። ካለ ቻትጂፒቲ የሚባለው፣ ሲጠይቁት ጽሑፍ የሚጽፈው ማሽን ጽፎለታል። መጀመሪያ ሰሞን እንደ መርማሪ ፖሊስ ሳሳድድ ከረምኩ። አሁን የመጀመሪያው ረቂቅ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ፣ በ15 ደቂቃ ይጻፋል። ቤት ሄዶ ማሽኑን ቢጠይቅ ችግር የለብኝም፤ ግን ሁለቱን ገጾች አንድ ላይ ያመጣና ምን እንደተለወጠ ይነግረኛል። አንዷ «ቲቸር፣ የእኔ ይሻላል፤ እሱ የአያቴን ቁጣ አጥፍቶታል» አለችኝ። አየሁት፤ እውነቷን ነው።

መሐል ላይ መተው

በመስከረም በሞቅታ ተጀምሮ በታኅሣሥ የሚቀዘቅዝ ብዙ ነው። ገጹን ወደ ግማሽ ማሳጠር ይሻላል። ጥምቀት ሰሞን ግማሹ ክፍል አይጽፍም፤ አልቆጣም። በሚቀጥለው ሳምንት የጥምቀቱን ይጽፉታል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል።