የማንን ፊት እናትም? ዝነኛውን ሁሉ ቲሸርት አይሸከመውም

ቲሸርትና ስቲከር ማተም ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አዲስ ጀማሪዎች ሱቄ እየመጡ የሚጠይቁኝ ስለ ቀለምና ስለ ማሽን ነው። እሱ በወር ይለመዳል። የሚከብደው ሰው በደረቱ ይዞት የሚወጣውን ፊት መለየት ነው። ስሙ በየቤቱ እየተጠራ፣ ቲሸርቱን ግን ዞር ብሎ የሚያይለት ያጣ ስንት አለ።

መጀመሪያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጉት፣ ግራጫ እንኳ አይቅርበት። ስሙን ሳትጽፉ ሻይ ለምታመጣላችሁ ልጅ አሳዩአት። ቦብ ማርሌን ከፀጉሩ ጥላ ትለየዋለች። አፄ ቴዎድሮስን የምናውቃቸው ከፎቶግራፍ ሳይሆን ከሥዕል ነው። ሠዓሊው ሁሉ ፊታቸውን በየራሱ ይሥለዋል፣ ሹሩባቸው ካለ ግን ማንም አይሳሳትም። ልጅቷ ካመነታች ያን ፎቶ ተዉት።

ቀጥሎ ታሪኩ የትኛው የሰውነቱ ክፍል ላይ እንዳለ ፈልጉ። ይህን የተማርኩት ከአበበ ቢቂላ ነው። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፏል። ሮም ላይ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። በሰዓት ከሆነ ቶኪዮ ይበልጣል። ደንበኛ የሚጠይቀኝ ግን ሁልጊዜ የሮሙን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በ24 ዓመቱ፣ አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በራሷ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጠ። መንገዱም ከአክሱም ተነቅሎ በተወሰደው ሐውልት በኩል ያልፍ ነበር። ይህን ሁሉ የሚናገሩት ሁለቱ እግሮቹ ናቸው።

እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ሥራዬ እንደማንኛውም ፎቶ ከደረት በላይ ቆርጬ አተምኩት። አንድ ሽማግሌ ቲሸርቱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው አዩት፣ ጠርዙን ገልብጠው ውስጡን ሁሉ ፈተሹ። «እግሩስ የት አለ ልጄ?» አሉኝ። ማታውኑ አዲስ ሠራሁ፦ ከጉልበቱ በታች ያለውን አግንኜ፣ 11 ቁጥሩን ከላይ አነስ አድርጌ። እስካሁን የምሸጠው እሱን ነው።

ሦስተኛው መታገሥ ነው፣ ኪሳራም ያስተማረኝ ይኸው ነው። አንድ የበዓል ሰሞን ዘፈኑ በየታክሲው የሚከፈት ልጅ ነበር። 200 ቲሸርት አተምኩ። በዓሉ ሲያልፍ 130ው እጄ ላይ ቀረ። ሰዉ ዘፈኑን ነበር የወደደው፣ ልጁን ገና አላወቀውም።

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሱቄ መጥተው ምስሉን ከሚገዙኝ መካከል ያኔ ጡት ያልጣሉ አሉ። እናትየው የምትገዛው የሠርጓን ዘመን አስባ ነው፣ ልጇ ደግሞ አባቱ መኪና ውስጥ ይከፍተው ስለነበር። አንዱን ፊት ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት «የኔ ነው» ሲሉ ከሰማችሁ፣ ያን ጊዜ ሳትፈሩ አትሙ።

ፈቃድን አደራ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታዋቂ ሰዎች የተለየ ነገር ቢያስቀምጥም፣ እኔ በሕይወት ያለን ሰው ሳልጠይቅ አላትምም። ያረፈም ቢሆን ቤተሰብ አለው።

ለሙከራ ከ20 አትለፉ፣ ከነዚያም ውስጥ አምስቱ የልጅ መጠን ይሁኑ። ወላጅ ለልጁ መግዛት ከጀመረ ቀሪውን አትሙ።