«ጭኜዋለሁ፤ የለም ይለኛል»፦ የፓይተን ፓኬጅ ሲሰወር

ምልክቱ፦ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነው መሣሪያ) ፓኬጁ መጫኑን አረጋግጧል፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ግን እንዲህ ያለ ሞጁል የለም ብሎ ይቆማል።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አንድ ነው። የጫነው ፒፕ የአንዱ ፓይተን ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ሌላው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት አራት ፓይተን መገኘቱ ብርቅ አይደለም፤ ከሊኑክሱ ጋር የመጣው፣ እርስዎ የጨመሩት፣ በየቬንቩ (ለአንድ ፕሮጀክት ተለይቶ በሚፈጠር የፓይተን ፎልደር) ያለው። ሁሉም ፓኬጅ የሚያስቀምጡበት የየራሳቸው ጓዳ አላቸው።

ስለዚህ ደግመው አይጫኑ። ደጋግሞ የጫነ ሰው አውቃለሁ፤ ሁሉንም ጊዜ የከተተው እዚያው የተሳሳተ ጓዳ ውስጥ ነበር። በሚወድቀው ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ የ«ሲስ ዶት ኤክስኪዩተብል»ን (sys.executable) ዋጋ ያስወጡ፤ የሚሠራው ፓይተን አድራሻውን ይናገራል። ከዚያ ፒፕን ብቻውን ሳይሆን በዚያው ፓይተን በኩል፣ በ«ሰረዝ ኤም» (python -m pip) ይጥሩት።

ሌሊት ሌሊት ሪፖርት የሚያወጣ አንድ ስክሪፕት ነበር። በእጅ ሲያስነሱት ይሠራል፤ ክሮን (ፕሮግራም በተያዘለት ሰዓት የሚያስነሳው የሊኑክስ መሣሪያ) ሲያስነሳው ይወድቃል። ባለቤቱ ሦስት ቀን ሙሉ ላይብረሪውን ሲነቅልና ሲተክል ሰንብቶ መጣ። ቬንቭን ማንቃት እኮ የፕሮግራም መፈለጊያውን መንገድ በዚያ ተርሚናል ብቻ መቀየር ነው፤ ክሮን በምን ይወቀው? በክሮኑ መስመር ላይ በቬንቩ «ቢን» ፎልደር ያለውን የፓይተን ሙሉ አድራሻ ጻፍን፤ ማንቃት ሳያስፈልግ ሠራ። በጁፒተር ኖትቡክ ላይም ያው ነው፤ ከርነሉ፣ ማለትም ኮዱን የሚያስኬደው፣ የትኛው ፓይተን እንደሆነ ይመልከቱ።

ምልክቱ፦ ፒፕ «ይህ አካባቢ በውጭ የሚተዳደር ነው» ብሎ አልጭንም ይላል።

ይህ ብልሽት አይደለም። ከ2023ቱ ደቢያን 12 (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ጀምሮ የሲስተሙ ፓይተን ለሲስተሙ መሣሪያዎች የተጠበቀ ነው። ክልከላውን የሚያልፈው አማራጭ ስሙ ራሱ «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ይላል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ይፈለጋል? ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠውን ትእዛዝ) ጨምሮ በፒፕ የሲስተሙን ላይብረሪ ያሳደገ ሰው አጋጥሞኛል፤ በዚያ ላይብረሪ የሚሠሩ የሲስተሙ መሣሪያዎች ተያይዘው ቆሙ። ሰርቨር ላይ ይህን አያድርጉ። የራስዎ ኮምፒውተር ላይም አያድርጉ። ቬንቭ ይፍጠሩ።

ምልክቱ፦ የቬንቩ ፎልደር ሌላ ቦታ ከተወሰደ በኋላ ፒፕ አልነሳም ይላል።

በውስጡ ያሉት ስክሪፕቶች የድሮውን ሙሉ አድራሻ ይዘዋል። አይጠግኑት፤ ይሰርዙትና ከፓኬጆች ዝርዝሩ እንደገና ይፍጠሩት። ዝርዝር ካልያዙ ከመሰረዝዎ በፊት በቬንቩ ፓይተን በኩል በፒፕ «ፍሪዝ» ያውጡት።

አልፎ አልፎ ደግሞ ጥፋተኛው የራስዎ ፋይል ነው፤ በላይብረሪው ስም ከሰየሙት ፓይተን በላይብረሪው ፋንታ እሱን ያነሳልና ስሙን ይቀይሩ።