የአንቶኒ ኩዊንን ሕይወት ስትተርኩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የድሮ ፊልም የሚወድ ሰው አንቶኒ ኩዊንን አያጣውም። ስሙ ቢጠፋበት እንኳ «የሊቢያውን አርበኛ ኦማር ሙክታርን ሆኖ የሠራው ሰውዬ» ሲሉት ያ ትልቅ ፊት ወዲያው ይመጣለታል። የስደተኛ አርቲስቶችን ታሪክ በሬዲዮና በዩቲዩብ ለምትተርኩ፣ በመጽሔትም ለምትጽፉ ሰዎች የእሱን ያህል የሞላ ሕይወት ማግኘት ይከብዳል፤ ስህተት የሚበዛውም ስለሞላ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን አንዱ ነው፦ ሠዓሊነቱ እንደ ጡረታ ጊዜ ማሳለፊያ ተቆጥሮ በመጨረሻው ደቂቃ ተጠቅሶ ሲታለፍ። እዚያ እንደርሳለን፤ ከትውልዱ ልጀምር። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ግሪካዊው ተዋናይ»፣ «ዐረቡ ተዋናይ» ማለት

ኩዊን ሜክሲኳዊ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1915 በሜክሲኮዋ ቺዋዋ ከተማ፣ አብዮቱ አገሩን በሚያምስበት ዘመን ነው። እናቱ ማኑዌላ ኦሃካ ትባላለች። አባቱ ፍራንሲስኮ ኩዊንም ሜክሲኮ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ «ኩዊን» የሚለው ስም የመጣው ከአየርላንዳዊው አያት ነው። ቤተሰቡ ድንበር ተሻግሮ ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ገባ፤ ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ ምሥራቃዊ ሰፈሮች አመራ። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው በ1947 ነው፤ ያኔ ከዐሥር ዓመት በላይ በፊልም ሠርቷል።

ግሪኩን ዞርባን፣ የበረሃውን ዐረብ መሪ፣ የፊሊፒንስ አርበኛውን፣ ጣሊያናዊውን የመንገድ ትርኢት ጡንቸኛ፣ የበረዶ ምድር አዳኙን ሁሉ ሆኖ ሠርቷል። ይህ የችሎታው ማስረጃ ብቻ ተደርጎ ሲወራ ግማሹ እውነት ይቀራል። የዚያ ዘመን ስቱዲዮዎች መልኩ ጠየም ያለ ተዋናይ ሲያገኙ የየትኛውንም ሕዝብ ሰው አድርገው ያቀርቡት ነበር። በ1936 ከመጀመሪያዎቹ ሚናዎቹ አንዱ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሸያን ጎሣ ሰው ነበር። እስከ 1947 ከሃምሳ በላይ ፊልሞች ላይ ታይቶ፣ አብዛኛውን ወይ ሽፍታ ወይ «የባዕድ አገር ሰው» ሆኖ ሠርቶ፣ ገና ዋና ተዋናይ አልሆነም። ስደተኛነቱን የሚያሳየው ይህ ነው፤ ትረካችሁ ላይ ከኦስካሩ እኩል ቦታ ስጡት። በ1940ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ስሊፒ ላጉን» በተባለው የግድያ ክስ የተፈረደባቸው የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች ይግባኝ እንዲያገኙ ከቆሙት የፊልም ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ፍርዱ በ1944 ተሽሯል። ይህን የሚጠቅስ ትረካ ብዙ አላየሁም።

ሥዕሉን በስተርጅና የመጣ ነገር አድርጎ ማቅረብ

«ትወናውን ሲጨርስ ወደ ሥዕል ዞረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሰውየውን ሕይወት ይገለብጠዋል። እርሳሱ ከካሜራው ይቀድማል።

አባቱ በመኪና አደጋ የሞተበት ገና ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ያልሠራው የለም፤ ጫማ ጠርጓል፣ ቦክስ ተጋጥሟል፣ በአንዲት ስመ ጥር ሰባኪ ቤተ ክርስቲያን ሳክስፎን ነፍቷል። በዚህ ሁሉ መሀል ግን መሳል አልተወም። ፖሊቴክኒክ በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ቀልቡን የወሰደው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ በንድፍ ውድድር አሸንፎ የዘመኑ ታላቅ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ዘንድ ደረሰ። ራይት ንድፉን አይቶ ወደደለት፤ አንደበቱን ሲሰማ ግን ሌላ ችግር አገኘ። ልጁ ከምላሱ ሥር ያለችው ቆዳ አጥራ ታኮላትፈው ነበር። ኩዊን ራሱ እንደተረከው፣ አርክቴክት ደንበኛውን በቃል ማሳመን አለበት ብሎ ራይት ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግ መከረው። ከሕክምናው በኋላ ምላሱን ለማፍታታት የድራማ ትምህርት ቤት ገባ። ንግግር ሊማር የገባበት በር መድረክ ላይ አወጣው፤ የፊልም ሥራ ሲመጣለትም ያበረታታው ያው ራይት ነው።

የነገሩን ሰንሰለት ልብ በሉ። መሳል ባይችል ራይት ዘንድ አይደርስም፤ ራይትን ባያገኝ ንግግሩን አያስተካክልም፤ ንግግሩን ሊያስተካክል ባይሄድ ትወና ቤት አይገባም። ስለዚህ ታሪኩን በ1936ቱ ፊልም የሚጀምር ተራኪ ከመሀል ነው የጀመረው። በኋለኞቹ ዐሥርት ዓመታትም በዘይት ቀለም ስሏል፣ ከእንጨትና ከድንጋይ ቀርፏል፣ በነሐስ አሠርቷል። በ1982 ሆኖሉሉ ላይ ትልቅ ትርኢት አቅርቦ ብዙ ሥራ ሸጧል። የመጨረሻ ዓመታቱን ሮድ አይላንድ ውስጥ ብሪስቶል በምትባል ትንሽ ከተማ አሳልፏል፤ እዚያም መሳሉንና መቅረፁን ቀጥሎ ነበር።

እዚሁ ላይ ሁለተኛ ስህተት አለ፤ ሥራዎቹን ሳያዩ መፍረድ። አንዱ «ከፒካሶ አይተናነስም» ይላል፤ ሌላው «ዝነኛ ስለሆነ ተገዛለት» ብሎ ያጣጥላል። ሥራዎቹን ያየ ሰው የዘመናዊውን የአውሮፓ ጥበብ ጥላ፣ ፊትን በማዕዘን መክፈልን፣ የሴትን አካል ወደ ለሰለሰ ድንጋይ መመለስን ያገኛል። በእኔ ዓይን ቅርፃ ቅርፆቹ ከሥዕሎቹ ይበልጣሉ። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ፤ ብቻ አይታችሁ በሉ።

«አማቹ አሳደገው»

በ1937 ያገባት ካትሪን ዴሚል የታላቁ ዳይሬክተር የሴሲል ዴሚል የማደጎ ልጅ ናት። ከዚህ ተነሥተው ዝናውን በጋብቻ ያገኘ የሚያስመስሉ አሉ። የጊዜውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፦ በዴሚል ፊልም ላይ የታየው ከጋብቻው በፊት ነው፤ ካገባ በኋላ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በላይ በትንንሽ ሚና ከርሟል። ያነሣው ቲያትር ነው። «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» በተባለው ቲያትር ማርሎን ብራንዶ ገንኖበት የነበረውን የስታንሊ ኮዋልስኪን ሚና መድረክ ላይ ተረክቦ ሲጫወት ነው ሰው በሌላ ዓይን ያየው።

የኦስካሩ ስምንት ደቂቃ

ይህ በሁሉም ቋንቋ የሚዞር ወሬ ነው፤ «ስምንት ደቂቃ ብቻ ታይቶ ኦስካር ወሰደ።» ሠዓሊውን ፖል ጎጋንን ሆኖ በሠራበት የ1956ቱ ፊልም ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ ይታያል። ሌላው ስህተት «ሁለት ጊዜ ምርጥ ተዋናይ ተባለ» የሚለው ነው። ሁለቱም ሽልማቶቹ፣ የሜክሲኮ አብዮት መሪውን የዛፓታን ወንድም ሆኖ የሠራበትም (1952) የጎጋኑም፣ የረዳት ተዋናይነት ናቸው። በመጀመሪያው ሽልማት ኦስካር ያገኘ ሜክሲኮ የተወለደ የመጀመሪያው ተዋናይ ሆኗል። በመሪ ተዋናይነት ሁለቴ ታጭቶ አላሸነፈም፤ አንዱ ለዞርባ ነበር።

ሐምዛንና ኦማር ሙክታርን ማደባለቅ፣ ከእኛም ነጥሎ ማየት

«ዐረብኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር» ሲባል ሰምቻለሁ። የነቢዩ መሐመድን ዘመን የሚያሳየው የሙስጠፋ አካድ ፊልም (1976) በሁለት ቋንቋ፣ በሁለት የተዋናዮች ቡድን ለየብቻ ተቀርጿል። የነቢዩን አጎት ሐምዛን በእንግሊዝኛው የሠራው ኩዊን ሲሆን በዐረብኛው አብዱላህ ጌይስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ተሰደው ነጃሺ ፊት የቀረቡበትን ትዕይንት ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሰው ከዚሁ ፊልም ነው። ኩዊን ግን እዚያ ትዕይንት ውስጥ አያስፈልግም፤ ሐምዛ ወደ ሐበሻ አልተሰደደም። አካድ ራሱም አሌፖ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ስደተኛ መሆኑን አትዝለሉት። ሁለት ስደተኞች ናቸው እነዚህን ፊልሞች የሠሩት።

ኦማር ሙክታር ሌላ ፊልም ነው፤ ወጪውን የሸፈነችው የጋዳፊ ሊቢያ ነበረች። እዚህ ላይ የአማርኛ ተራኪ የሊቢያ ታሪክ ብቻ ብሎ ካለፈው ትልቁን ነገር ጣለው። ኦማር ሙክታርን እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1931 ያሰቀለው ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። ያው ግራዚያኒ ከስድስት ዓመት በኋላ የጣሊያን እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ ሕዝቡ የተጨፈጨፈው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ያለቁት በእሱ ዘመን ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የቆመው ለእነዚያ ሰማዕታት ነው። ሽማግሌው ኩዊን በሰንሰለት ታስሮ ግራዚያኒ ፊት ሲቀርብ የምናየው ትዕይንት ለሊቢያውያን ብቻ የተሠራ አይመስለኝም፤ እኔ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ጣሊያን ፊልሙን ለብዙ ዓመታት አግዳው፣ በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። ይህን ለአድማጫችሁ ንገሩት።

የራሱን መጻሕፍት እንደ ማኅደር ማመን

በ1972 እና በ1995 ሁለት የግል ታሪክ መጻሕፍት አሳትሟል። ተረት አዋቂ ነው፤ ጥሩ ተራኪ ደግሞ ያስውባል። አባቱ ከሜክሲኮ አብዮት መሪ ከፓንቾ ቪላ ጋር ዘምቷል የሚለው የቤተሰቡ ትረካ ነው፤ «እንደሚተርከው» በሉና ጥቀሱት። በተቃራኒው የቤተሰብ ሕይወቱን ማስዋብ የለባችሁም። የበኩር ልጁ ክሪስቶፈር በ1941 ገና በሁለት ዓመቱ በጎረቤት መዋኛ ሰጥሞ ሞቷል፤ ይህን ለማስለቀሻ ሙዚቃ አትጠቀሙበት። ሦስት ጊዜ አግብቷል፤ ከትዳር ውጪም ወልዷል፤ የ1990ዎቹ ፍቺው በአደባባይ የተካሄደ ከባድ ጠብ ነበር። ይህም ታሪኩ ነው፤ አትደብቁት።

የዘመን አቆጣጠር

በአንድ ትረካ ውስጥ «በ1929» ተብሎ አንዴ የእኛ፣ አንዴ የፈረንጅ ሲሆን አድማጭ ይጠፋዋል። የተወለደው ሚያዝያ 13 ቀን 1907 ዓ.ም. ነው፤ ኦማር ሙክታር የተሰቀለው መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም.፤ ኩዊን ቦስተን ውስጥ በ86 ዓመቱ የሞተው ግንቦት 26 ቀን 1993 ዓ.ም.። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። ሁለቱንም ማስገባት ከፈለጋችሁ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚለውን በየቦታው አትርሱ። ለሥዕላዊ ማስረጃ ደግሞ የዞርባን ጭፈራ ብቻ ከመደጋገም፣ ኤሎይ ቶሬዝ በ1985 ሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ፣ ብሮድዌይ ላይ የሣለውን የኩዊንን የግድግዳ ሥዕል፣ ወይም ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የልጅነት ቤቱ በነበረበት ቦታ ላይ ያለውንና በስሙ የተሰየመውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሳዩ።