ያገለገለ ማዝዳ ሚያታ፦ ፍሪሲዮኑ ሲያስቸግርና ከስር ሲንኳኳ

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ሚያታ ገዝቶ ጋራዥ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሁለት ነገር ነው፦ «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ካምቢዮ ይውረድ» እና «አሞርዛቶሩ በሙሉ ይቀየር»። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ካምቢዮ ለማውረድ የሚጠየቀው የእጅ ዋጋ ቀላል ስላልሆነ፣ መጀመሪያ ርካሹን ጥፋት አጣሩ። የማወራው ከ1990 እስከ 2005 ሞዴል ስላሉት ሁለቱ የመጀመሪያ ትውልዶች ነው።

ፔዳሉ ላላ፣ ማርሽ አልገባ አለ

ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ ይገባል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን አንደኛ እምቢ ይላል፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ ይፋጫል። ይህ ያለቀ ዲስክ ምልክት አይደለም። ያለቀ ዲስክ ይንሸራተታል እንጂ ማርሽ አይከለክልም። እዚህ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው የዘይት መስመር ነው፤ በሚያታ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደው የታችኛው ፓምፕ ነው።

ፓምፑ በካምቢዮው ቀኝ ጎን፣ በ12 ቁልፍ በሚፈቱ ሁለት ቡሎኖች ታስሮ ታገኙታላችሁ። ጫፉ ላይ ያለውን የጎማ ሽፋን በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። ከውስጡ ጥቁር ፈሳሽ ጠብ ካለ ፍለጋው አለቀ። ደረቅ ከሆነ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ከፔዳሉ በላይ፣ ዘንጉ ወደ ሞተር ክፍል የሚያልፍበትን ቦታ በባትሪ እዩ። እርጥብ ከሆነ የሚያፈሰው የላይኛው ፓምፕ ነው። የትኛውም ቢሆን ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ የዕድሜ እኩያ ስለሆኑ አንዱ ሲታደስ ሌላው ብዙ አይቆይም። በመካከላቸው ያለው የጎማ ቱቦም ካረጀ ሲረገጥ ያብጣልና እሱንም አትዝለሉት።

አየር ማስወጣቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከስር የታችኛውን ፓምፕ አየር ማስተንፈሻ ከፍቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ነው ፔዳሉ የሚለቀቀው። ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት እንደተረገጠ ይጎድላል፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ቶሎ ቶሎ ጨምሩ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት፣ ቀለሙን ይበላዋል።

ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም

በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ በአራተኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጡት። የሞተሩ ዙር ብቻውን ሽቅብ ከወጣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ያኔም ቢሆን ካምቢዮውን ከማስወረዳችሁ በፊት ፔዳሉን በእጅ ነካ ነካ አድርጉት፤ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ልል መኖር አለበት። ከሌለ አንድ ሰው የፔዳሉን ዘንግ ከልክ በላይ አርዝሞታል፣ ፍሪሲዮኑም ሳይረገጥ በከፊል እንደተረገጠ ነው። ይህ በሁለት ቁልፍ የሚስተካከል ነገር ነው።

ልሉ ኖሮ አሁንም የሚንሸራተት ከሆነ ካምቢዮ ይውረድ። አንዴ ከወረደ ግን ዲስኩን ብቻ ቀይሮ መመለስ ገንዘብ ማባከን ነው። ዲስኩ፣ ተጫኙ ሰሃን፣ ገፊው ኩሽኔታና መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ አብረው ይቀየሩ፤ ቮላኖው (ዲስኩ የሚጫንበት፣ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ሰሃን) ፊቱ ይላግ። ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚይዘው ጎማ ካፈሰሰ አዲሱን ዲስክ ያቀባዋል፣ እሱም አሁኑኑ ይቀየር።

የማሻሻያው ጥያቄ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። በ1.6 ሊትሩ ሞተር ያለው ፍሪሲዮን 200 ሚሊ ሜትር፣ የ1.8ቱ 215 ሚሊ ሜትር ነው። የ1.8ቱን ከራሱ ቮላኖ ጋር 1.6ቱ ላይ መግጠም ይቻላል፤ ለእኔ ትርጉም ያለው ማሻሻያ ይህ ነው። «የውድድር» ተብሎ የሚሸጠው ጠንካራ ፍሪሲዮን ግን ቱርቦ ላልገባበት፣ 116 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ምን ይሠራል? እግር ያደክማል፣ በትራፊክ መጨናነቅ ያንዘፈዝፋል። ክብደቱ የቀነሰ ቮላኖ የሞተሩን ዙር ቶሎ ያወጣዋል፣ ግን ዳገት ላይ ከቆመበት ማስነሳት ይከብዳል። አዲሱ ፍሪሲዮን ምንም ይሁን ምን ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር በከተማ፣ በለዘብታ ይነዳ።

ድምፅ ብቻ ከሆነ ችግሩ፦ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚመጣ ጩኸት የገፊው ኩሽኔታ ነው። በዜሮ ማርሽ እግር ሲነሳ ኖሮ ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን የካምቢዮው የራሱ ኩሽኔታ ነው።

መኪናው ይነጥራል

የጎማውን አየር ለኩ። የእነዚህ መኪኖች የፋብሪካ ልክ 26 ፒኤስአይ ነው፣ በሩ ላይ ተለጥፏል። ጎማ ቤት የሚሞሉላችሁ እንደ ሌላው መኪና 35 ነው፤ አንድ ቶን ገደማ ለምትመዝን መኪና ይህ ድንጋይ ማለት ነው።

አየሩ ልክ ሆኖ ከነጠረ የቀድሞው ባለቤት አጭር ሞላ አስገብቶ እንደሆነ እዩ። አጭር ሞላ በአሮጌ አሞርዛቶር ላይ ሲገጠም መኪናው አሞርዛቶሩ ጫፍ ባለው መከላከያ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ዝቅ ማለቱ ያምራል፣ መንገድ አይይዝም። ሞላና አሞርዛቶር ተመጣጥነው አብረው ይቀየሩ። በመጀመሪያው ትውልድ ላይ የሁለተኛውን የላይኛ መቀመጫና መከላከያ ላስቲክ መግጠም አሞርዛቶሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ተጨማሪ ቦታ ይሰጣል፤ ውድ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህን እመርጣለሁ።

ትንሽ ጉድጓድ ላይ ኳ ኳ ይላል

በዝግታ ስትሄዱ የሚሰማ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስታቢላይዘሩ (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ ነው። የግራና የቀኙን ፍቱና ያንኑ መንገድ ቀስ ብላችሁ ሂዱበት፤ ድምፁ ከጠፋ አገኛችሁት። ካልጠፋ መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ ማቆሚያ አስገቡ፣ ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ጎማውን የሚይዘው የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ኳስ ከተንቀሳቀሰ ሳይቀየር መንዳት የለም፤ ይህ ሌላ ቀን የሚባልለት አይደለም።

ጎማ በአንድ ጎን ይበላል፣ መኪናው ይዋልላል

ቦኮላዎቹ (ጎማውን የሚይዙት የብረት ክንዶች የሚገጠሙባቸው ላስቲኮች) ደርቀዋል፣ ወይም የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያው ተዛብቷል። እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ክረምት ጨው በሚረጭበት ቦታ የሚያስለቅሰው ረጅሙ የማስተካከያ ቡሎን ከቦኮላው ብረት ጋር ዝጎ መጣበቁ ነው። ከብዙ ቀን በፊት ጀምሮ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አጠጡት፤ ቡሎኑን አስገድዳችሁ ሳይሆን ዳዶውን ፍቱ። እምቢ ካለ በመጋዝ መቁረጥና አዲስ ማስገባት ይሻላል።

አዲስ ቦኮላ ስትገጥሙ ቡሎኖቹን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ። ጎማዎቹ መሬት ነክተው ክብደቱ ካረፈ በኋላ ነው የሚጠብቁት። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይኖራል፣ በአጭር ጊዜም ይቀደዳል። የጎማ አቅጣጫ የሚለካው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ቀላል መኪና ስለሆነች የአንድ ሰው ክብደት ልኩን ይለውጠዋል።